ጫማ የማታስወልቅ ሐኪም

ሰኔ 12 ቀን 2017፣ ሐሙስ፣ ነቀምቴ

ከሚካኤል መልስ ወደ ክሊኒኩ ጎራ አልኩ። ስኳሬ የሚታይበት ቀን ነበር። ኦቦ ዋጋሪ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ክሊኒኩን ለወንድማቸው ልጅ ለዶክተር ናኦሚ አስረክበው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ስለ ልጅቱ ሠፈሩ ሁሉ የሚለው አያጣም። እኔ ግን በወሬ አልፈርድም፤ አይቼ ነው።

ወረፋ ስጠብቅ አንዲት ከጉቶ ጊዳ የመጣች ሴት፣ «ይቺ ሐኪም መርፌ የላትም እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ጎረቤቴ ወርቂቱ አጠገቤ ነበረች። «አላት፤ ግን ትሰስታለች» አለቻት። «ኦቦ ዋጋሪ ቢሆኑ ገና በር ላይ ሳለሽ መርፌው ተቀድቶ ይጠብቅሽ ነበር። ይቺ ታወራለች። ወሬ ደግሞ እቤቴም ሞልቷል።»

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን ከነከነኝ። ሰው ጥሩ ሐኪምን በምን ይለያል? ከአስተማሪነት በኋላ ኢንስፔክተር ሆኜ በየወረዳው ትምህርት ቤት ስዞር፣ ጥሩ አስተማሪን የምለየው በሰሌዳው ጽሕፈት አልነበረም። ዝም ብዬ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጥና እዚያ ያሉት ልጆች ምን እንደሚሠሩ አያለሁ። ፊት ያሉትን ማስተማር ለማንም አያቅትም። የሐኪም ኋላ ወንበር የት ነው? ይህን ክረምት ይህን አጠናለሁ። ሥራ ፈትቶ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ከማዳመጥ ይሻላል።

ልጅቱ ከወንበሯ ተነሥታ፣ በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀበለችኝ። «አዮ፣ አከም ጂርቱ?» ብላ ደኅንነቴን ጠየቀችኝ፤ እናቷን እንደምትጠራ። ስኳሬ ትንሽ ከፍ ብሏል አለች። ምግቤን ጠየቀች፤ ግፊቴን ለካች። ጥፍሯ አጭርና ንጹሕ ነው። የጋውኗ የታችኛው ቁልፍ ክሩ ላልቷል። ስወጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

አክብሮቷ ሙሉ ነው። ሙያዋን ገና አላየሁም።


ሰኔ 20፣ ዓርብ

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። እግሬ አልሞቅ ብሎኝ የከሰል ምድጃውን አስጠግቼ ዳዊት ስደግም የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ወርቂቱ ወጥ አሳርራ ይሆናል ብዬ በአጥር ልጠራት ተነሣሁ። የገዛ ካልሲዬ ኖሯል። ትንሿ ጣቴ ላይ ቀልጦ ተጣብቋል።

የገረመኝ ካልሲው አይደለም። ምንም አላመመኝም። እሳት እንዴት አያምም?


ሰኔ 23፣ ሰኞ

የተቃጠለው ጣቴ ውኃ ቋጥሯል። በጨው ውኃ አጠብኩት፤ ከፋርማሲ ጂቪ የሚሉትን የቁስል መድኃኒት ገዝቼ ቀባሁት። ያ ሐምራዊ ቀለሙ የእጅ ጣቶቼ ላይ ቀረ፤ በሳሙናም አልለቅ አለ። ለሰው የሚወራ ነገር አይደለም። ጫማና ካልሲ አድርጌ እንደወትሮዬ ገበያ ወጣሁ።


ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ኦቦ ዋጋሪን ልጠይቅ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው መንገዱን ያያሉ። አንዱ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ በሌላው ይሸፍኑታል፤ ያላየሁ መሰልኩ።

«ያ ሁሉ መርፌ ምን ነበር?» አልኳቸው። ዙሪያ ጥምጥም አልወድም።

«ቫይታሚን ነዋ፣ እትዬ ሸዋጌጥ!»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም ባይሆን ለአብዛኛው» ብለው ሳቁ። «ከዲጋ በእግሩ የመጣ ሰው ሳልወጋው ብመልሰው ሁለተኛ አይመጣም። ደግሞ መርፌ የሚወጋ ሰው ልብሱን ይገልጣል። ሲገልጥ አያለሁ፤ እከኩን፣ እባጩን፣ ባሏ የመታትን። መርፌው ለእነሱ ነበር። ማየቱ ለእኔ።»

ይህን መንገድ ሙሉ ሳሰላስል መጣሁ። ማታለል ነው፤ አልቀበለውም። ግን የኋላ ወንበሩ የት እንዳለ ሰውዬው ያውቁት ነበር።

«ለልጅቱ ነግረዋታል?» አልኳቸው።

«ነግሬያት ነበር። ‹አባባ፣ እኔ በሽተኛ አልዋሽም› አለችኝ።»

«ደግ አለች።»

«ደግስ ደግ ነው። ግን ሰዉ ልብሱን አይገልጥላትም፤ እሷም ግለጥ ለማለት ታፍራለች።» ስነሣ ወደ ታች አዩ። «እግርዎን ምን ሆኑ?»

«ጭቃው ነው» አልኩ።


ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

የቀጠሮዬ ቀን። መንገድ ላይ የመጣልኝ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ ስለ እግሬ አልነግራትም። ራሷ ታግኘው። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን የፈተና መልስ ለጎረቤቷ በሹክሹክታ እንኳ የነገረች ልጅ የምትቀጣው እንደ ሌባ ነበር። አስተማሪያችን ሚስ ኤልሳ፣ «ያልደከመችበትን እውቀት ሰጥተሽ አዋረድሻት» ትል ነበር። ለሐኪምም መልሱን መንገር ያው ነው። ሐኪም ከሆነች ታገኘዋለች። ካላገኘች ሠፈሩ ልክ ነው ማለት ነው።

የሆነውን እንዳለ እጽፋለሁ።

ደሜን አስቀዳች። ስኳሬ ካለፈው ይልቅ ወጥቷል። ግንባሯን ቋጠረች፤ ይህን ወደድኩላት። «አዮ፣ ሌላ የሚያምዎት ነገር አለ?» አለች።

«ሐኪሟ አንቺ ነሽ» አልኳት።

ፈገግ አለችና እጆቼን አየች። «ጣትዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ቀለም። የምጽፍ ሰው ነኝ።»

ከዚያ ጫማዬን አየች። ረዘም ላለ ጊዜ ነው ያየችው። አፏን ከፍታ፣ «ጫማዎ…» አለች።

«ጫማዬ ምን ሆነ?»

ፊቷ ቀላ። «ያምራል» አለች።

እውነቷን ነው፤ ሁልጊዜ አስቦርሸዋለሁ። ግን ያን ልትል አልነበረም። ኪኒኑን ጨመረችልኝና ቀጠሮዬን አቀረበች፤ ነሐሴ ሁለት ይመለሱ ተባልኩ። ሻል ያለ ተማሪ መልሱ አፉ ላይ ደርሶ ሲመለስ ሳይ እንደሚሰማኝ ያለ ነገር ተሰማኝ። ፍንጭ ልጨምርላት አልቻልኩም። ሕግ ሕግ ነው።

ወርቂቱ በር ላይ ጠብቃኝ፣ «ወጋችዎት?» አለች።

«አልወጋችኝም።»

«እነግርዎት አልነበር!» አለች፤ ደስ ያላት ትመስላለች።


ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ቁስሉ አፉን ከፍቷል። አሁንም አያምም። ካላመመ ምን ይሆናል? ሚስ ኤልሳ ሕመም የሰውነት ደወል ነው ብላ አስተምራናለች። ደወሉ ካልተደወለ እሳት የለም ማለት ነው።

ደወሉ ራሱ ቢሰበርስ? ይህን ማታ ሳላስበው አሰብኩ።

ስለ እህቴ ስለ ዝማሬ አልጽፍም።


ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ወርቂቱ ቅቤ ልትሰጠኝ ገብታ አፍንጫዋን ያዘች። «እትዬ፣ አይጥ ሞቶብዎታል መሰለኝ።»

ቁም ሣጥኑን አንቀሳቀስን። አልጋውን ሳብን። ከእህል ማስቀመጫው ኋላ በባትሪ አየን። እሷ እየሳቀች፣ «ኢንስፔክተር ቤት አይጥ ይሞታል?» ትላለች። እኔ ሳልስቅ መጥረጊያ ይዤ ቆሜያለሁ። አይጥ አላገኘንም። በበረኪና ወለሉን ወለወልኩ። ከሄደች በኋላ ተቀምጬ ካልሲዬን አወለቅሁ። መልሼም አደረግሁት።


ሐምሌ 27፣ እሑድ

ቅዳሴ ቆሜ መጨረስ አልቻልኩም። ዲያቆኑ ወንበር አመጣልኝ፤ በሕይወቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም።

ዝማሬ እህቴ ናት። ነበረች። እሷም ስኳር ነበረባት፤ እግሯ ላይ ትንሽ ቁስል ይዛ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደች። መጀመሪያ ከቁርጭምጭሚቷ ቆረጡ። ቀጥለው ከጉልበቷ። ከዚያ ወደ ነቀምቴ ያመጣናት በሣጥን ነው። አንዱ ሐኪም ጫማዋን ካስወለቃት ቀን ጀምሮ እስከ ቀብሯ አንድ ክረምት አልሞላም።

ይህ ከጥናቴ ጋር ግንኙነት የለውም። እንዲያው ስላስታወስኩት ነው።


ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ፍልሰታ ገብቷል። ብርድ ብርድ ይለኛል። ቀጠሮዬ ትናንት አለፈ። ኢንስፔክተር ሲመቸው ነው የሚሄደው። ጫማዬ ጠቦኛል፤ ዝናቡ ቆዳውን ሳያሳጥረው አልቀረም።

ልጅቱ ብታገኘው ምን አለበት ነበር?


ነሐሴ 4፣ እሑድ

ጂቪው አልቋል። መውጣት አልቻልኩም። ነገ።


ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ

እጄ ቢደክምም ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ አሳምሬ እጽፈዋለሁ ብዬ እፈራለሁ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በርትቶ ሳለ የባጃጅ ድምፅ በሬ ላይ ቆመ። ዶክተር ናኦሚ ናት። ጭቃ እስከ ጉልበቷ ደርሷል። ወርቂቱም ነገር እንዳያመልጣት ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላ ገባች።

«ቀጠሮ አለፈዎት፣ አዮ» አለች ልጅቱ።

«ጉንፋን ነው። ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። ቆማ አሸተተች፤ አየሁ። ከዚያ ወርቂቱን በኦሮምኛ ውኃ አሙቂልኝ አለቻትና ከጓዳ ሳፋ ይዛ መጣች። እግሬ ሥር ተንበረከከች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አልኳት።

«እኛ ዘንድ ልጅ አያቷ ቤት ስትመጣ እግር ሳታጥብ አትቀመጥም።»

«እንግዳዋ አንቺ ነሽ። መታጠብ ያለበት የአንቺ እግር ነው። ጭቃሽን እዪው!»

«የእኔ ይቆያል። ልጠብዎትና ይመርቁኝ። ማሎ፣ አዮ፣ እባክዎ።»

ወጥመድ መሆኑን ወዲያው ዐወቅሁ። ሰው ምን ያህል ቢኮራ፣ ውኃ ይዞ የተንበረከከ ልጅን መመለስ ምርቃት መንሳት ነው። እናቴ ከመንዝ ይዛው የመጣችው ሥርዓት ነው፤ እነሱም ዘንድ ያው ነው። ጫማዬን አውልቂ ብትለኝ ኖሮ አላወልቅም ነበር፤ ሐኪም ናትና። ለምና ልጠብ ስትል ግን ምን ብዬ እግሬን ልሸሽግ? ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ይህን ቢከለክል ምን ይባላል?

እጅ ሰጥቼ እግሬን ዘረጋሁላት። ማሰሪያውን ራሷ ፈታችው። ጫማው እምቢ አለ፤ ቀስ ብላ አወዛወዘችና አወጣችው። ካልሲውን በለብታ ውኃ እያራሰች አላቀቀችው።

ወርቂቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ዋዮ! አይጡ ይሄ ነበር እንዴ!»

«ዝም በይ» አልኳት።

ትንሿ ጣቴ ጠቁራለች። እኔም እንደዚያ በብርሃን አይቻት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ዞር ብዬ ነበር የምቀባት። ልጅቱ አላማተበችም፣ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ከኪሷ ጓንት አውጥታ አጠለቀችና አጠበች። ከዚያ እርሳስ በመሰለ ነገር እግሬን ከሥር እዚህም እዚያም መንካት ጀመረች።

«ሲሰማዎት ይንገሩኝ።»

«እሺ፤ ጀምሪ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ጨረስኩ እኮ» አለች።

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ለዘመናት ሌላውን ስጠይቅ ኖሬ፣ ያን ጊዜ የጠየቅሁትን ጥያቄ ያህል የከበደኝ የለም።

«ይቆረጣል?»

«ጣቷን ላናድናት እንችላለን» አለች። «እግሩን ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ከገቡ ይተርፋል ብዬ አምናለሁ።»

«ነገ ብገባስ?»

«ነገን አላውቅም።»

ዝማሬን አንድም ሰው አላውቅም አላላትም ነበር። ሁሉም እርግጠኞች ነበሩ። የዚህች ልጅ አላውቅም ግን ወለል ይመስላል፤ ሰው ይቆምበታል።

«ምርቃቴን ሳልሰጥሽ አልነሣም» አልኳት። መረቅኋት። የምን ምርቃት እንደሆነ የራሷ ጉዳይ ስለሆነ አልጽፈውም። ወርቂቱ አሜን አሜን እያለች ታለቅሳለች። ከዚያ ባጃጁ ውስጥ ሦስታችን ተጠጋግተን፣ እግሬን ልጅቱ ጭን ላይ አድርጌ፣ ከተማውን ዐቋርጠን መጣን።

የጭቃ እግሯን ማንም ሳያጥብላት ቀረ።


ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ጣቷ ሄደች። እግሩ አለ። አንቲባዮቲኩ በደም ሥሬ ይገባል። ወርቂቱ የተሰቀለውን ጠርሙስ አይታ፣ «አሁን ታከሙ!» አለች።


ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

እቤቴ ነኝ። ልጅቱ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች የቁስሉን ፋሻ ትቀይርልኛለች። ዛሬ ጋውኗን አስወልቄ ያን የላላ ቁልፍ ሰፋሁላት። ክረምቱን ሙሉ ዐይኔን ሲወጋኝ ነበር።

እየሰፋሁ ጠየቅኋት። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሐምሌ ላይ ሲገቡ ያነክሱ ነበር። ጣትዎ ላይ ያለውም ጂቪ መሆኑን ዐውቄያለሁ፤ ቀለም እንደዚያ አይደለም።»

«ታዲያ?»

«ጫማዎን ያውልቁ ልል አፌን ከፍቼ አልወጣልኝም። እናቴን ሶረቲን አስተምረዋታል እኮ። ‹እትዬ ሸዋጌጥ ፊት ቁልፉን ሳይቆልፍ የሚገባ ልጅ የለም› እያለች ነው ያሳደገችኝ። ሐኪም ሆኜም እርስዎ ሲገቡ ቁልፌን ነው የምነካው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። ቀጠሮው ሲያልፍ ግን ካፈርኩበት ይልቅ የፈራሁት በለጠ።»

«ቁልፍሽን ትነኪያለሽ?»

«አዎ።»

ለካ የላላው ለዚህ ነው። ክሩን ደግሜ አጠበቅሁት።

«እኔስ» አልኳት፣ «እንድታገኚው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሙያሽን ልመዝን።»

አየችኝ። ዶክተሮች በዚህ ዐይን እንዲያዩ የሚያስተምራቸው ማን ይሆን? «እንዳገኘው ነው ወይስ እንዳላገኘው?» አለች።

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ይህ እንኳ አመመኝ፤ ደስ አለኝ። ክሩን በጥሼ ጋውኗን መለስኩላት።

ኦቦ ዋጋሪ ስለ እግር ማጠቡ ሰምተው በባጃጅ መጡ። «ይኸው! የእኔ መርፌ ይሄ አይደል? አታልላ አየች!» ብለው ሳቁ።

«አላታለለችም» አልኳቸው። «እግሬን አጥባለች። ንጹሕ ነው።»


መስከረም 20 ቀን 2018፣ ማክሰኞ

ክሊኒኩ ተቀይሯል። ከመጠበቂያው አጠገብ ሁለት ሳፋ፣ ማንቆርቆሪያና ንጹሕ ፎጣ ተቀምጧል። ስኳር ያለበት ሁሉ ሐኪም ጋ ከመግባቱ በፊት ነርሱ ሌንጮ እግሩን ያጥበዋል፤ ከዚያ ያለ ካልሲ በነጠላ ጫማ ይገባል። ዶክተር ናኦሚ ማንንም ሰው ጫማ አውልቅ አትልም። አውልቆ ነው የሚመጣላት።

ሠፈሩ ደግሞ የሚለው አላጣም። ወርቂቱ፣ «መርፌው ቀረና ጸሎተ ሐሙስ መጣ» ትላለች። ጴንጤ ሆና ስለ ጸሎተ ሐሙስ ምን ያገባታል ብያታለሁ። ግን የገዛ አማቷን ትናንት ይዛት መጥታ ነበር።

ዛሬ ወረፋ ላይ ከዲጋ የመጣ፣ ስኳር ያለበት ኦቦ ሮቤራ የሚባል ገበሬ ነበር። ረጅም የፕላስቲክ ቦት አድርጓል። ሌንጮ ውኃውን ይዞ ቢጠብቀው፣ ቢለምነው እምቢ አለ። «እኔን ያመመኝ ራሴን ነው። እግር ምን አገባው?» ይላል። ከአግዳሚው ላይ አልነሣም ብሎ ቦቱን ወደ ኋላ ሸሸገ። መሸሸጉን አየሁ። ያቺን አሸሻሸግ ዐውቃታለሁ።

ተነሥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማንም ሳይለኝ ማሰሪያዬን ፈታሁ፤ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ካልሲዬን ሳብኩ። በመጠበቂያው ሁሉ ፊት፣ ቀድሞ ያስተማርኳቸው ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተቀምጠው እያዩ፣ እግሬን ዘርግቼ አሳየሁት።

ረጅም ጊዜ አየ። «የት ሄደች?» አለ።

«ቆየሁባት፤ ሄደች።»

«አላመመዎትም?»

«አላመመኝም። እሱ ነው የገደላት።»

ኦቦ ሮቤራ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አዴ፣ የእርስዎስ ይሁን። የእኔ ቦት ቢወልቅ ግን ወረፋው ሁሉ ይበተናል» አለኝ።

«ይበተን» አልኩት። «ተራችን ይደርሳል።»

ሳቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተረከዙን ያዘ፤ አልወጣ ሲለው እኔም ከፊት ያዝኩለት። አብረን ጎተትን።